ማሰሪያ ስንመርጥ ምን እንይ? (ለአዋቂዎች ብቻ)

የበረሳ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን
ማታ 3፡10

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ዛሬ ትንሽ የሚያሳፍር ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። የሚስቅ ይሳቅ፣ የሚመልስ ግን አይጥፋ።

ባለትዳር ነኝ። ባለቤቴ በቅርቡ መኝታ ቤት ውስጥ ለጨዋታ እጇን እንዳስራት ጠየቀችኝ። ሐሳቡ የእሷ ነው። እኔም አልጠላሁትም፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን ቶሎ የመጣብኝ «እጇን ብጎዳውስ?» የሚለው ነው። እኔ ገመድ የማውቀው ጭነት ላይ ነው። ጭነት ደግሞ ላብህ ጠብ እስኪል ጠፍረህ ነው የምታስረው። ሰው እንደዛ እንደማይታሰር ይገባኛል፤ እንዴት እንደሚታሰር ግን አላውቅም።

ቤት ውስጥ ያለን ነጠላ፣ መቀነት፣ ከረባት እና ሲባጎ ነው። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ የብረት ካቴና ላምጣልህ ብሎኛል። የቱ ይሻላል? ምን ያህል ይጥበቅ? ስንት ደቂቃ ይቆይ? እባካችሁ የምታውቁ ብቻ መልሱልኝ፤ «ቪዲዮ ላይ አየሁ» የሚል ይቆየኝ።

አወያይ
ማታ 3፡18

ጥያቄው ይቆያል፣ ክሩ አይዘጋም። ነገር ግን እዚህ የሚወራው ከ18 ዓመት በላይ ስለሆኑ፣ ሁለቱም አውቀውና ፈቅደው ስለሚያደርጉት ነገር ብቻ ነው። ፎቶ አይለጠፍም። ዝርዝር የመኝታ ወሬም አያስፈልገንም፤ የደኅንነቱን ጉዳይ አውሩ።

ቆላው
ማታ 3፡25

ከአረቄው ከተማ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም 😂 በርታ ወንድሜ።

የጥንቱ
ማታ 3፡40

ምን ዘመን ላይ ደረስን! ሚስት ማሰር ጨዋታ ሆነ? እኛ አገር ገመድ ይዞ ሴት ላይ የሚሄድ ጠላፊ ነበር። ይህን ነገር «ዘመናዊነት» እያላችሁ አታስለምዱን። ጓዳ የተባለው ነገር በጓዳ ይቅር።

መንዜዋ፣ መሐል ሜዳ
ማታ 3፡52

የጥንቱ፣ ጠለፋን ያነሳኸው ጥሩ ነው፤ ልዩነቱን ለማየት ይጠቅማል። ጠለፋ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ወንጀል ያደረገው ገመዱ አይደለም፤ ሴትየዋ እንቢ እያለች መወሰዷ ነው። እዚህ ግን ሚስት ራሷ ጠየቀች፣ ባል ደግሞ እንዳይጎዳት ተጨንቆ ሰው እያማከረ ነው። ይሄ ሰውዬ ይመረቃል እንጂ ይወቀሳል እንዴ?

አንድ ነገር ግን ልጨምርልህ የበረሳ ልጅ። እኛ አካባቢ ያለ ፍላጎታቸው የተዳሩ፣ የተያዙ፣ የተገደዱ ሴቶች አሉ፤ ወንዶችም የራሳቸው ጉድ አላቸው። እጅ ሲያዝ የቆየ ነገር ድንገት ሊቀሰቀስ ይችላል። ሰውየው ራሱ እንኳ እስኪደርስበት ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ቀን፣ ቡና እየጠጣችሁ፣ ልብስ ለብሳችሁ ተነጋገሩ። ምን ይደረግ፣ ምን አይደረግ፣ የት አይነካ የሚለውን። አልጋ ላይ ሆኖ የሚጠየቅ ጥያቄ «እሺ» ለማለት ይገፋፋል። እሺ ያለችው ደግሞ በመሃል ሐሳቧን ብትቀይር ጨዋታው እዚያው ያልቃል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም፣ አይኮረፍም።

ሲስተር ነጭ ጋዋን፣ ሸዋ ሮቢት
ማታ 4፡15

እኔ ሙያዬ ነርስነት ነው። ሆስፒታል ውስጥ አንዳንዴ ራሱን የሚጎዳ ታማሚ ሲመጣ በትእዛዝ እጁን እናስራለን። ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን እጅ እጅ ነው፣ ነርቭም ነርቭ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍ፤ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ሰዎች ሲታሰሩ የሚፈሩት ደም መቆሙን ነው። እውነት ነው፣ ደምም ይቆማል። ግን ቶሎ የሚጎዳው ነርቭ ነው። ደም ሲከለከል እጁ በሙሉ ቀስ እያለ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል ወይም ይገረጣል። ይህ በዓይን ይታያል፣ ጊዜም ይሰጣል። ነርቭ ሲጫን ግን እጁ መልኩን ሳይቀይር አንድ ቦታ ብቻ ይደነዝዛል፣ መርፌ መርፌ ይላል፣ ወይም እንደ ኤሌክትሪክ ነዘር ያደርጋል። ቀለሙ ደህና ነው ብለህ ልትዘናጋ ትችላለህ።

የትኛው ጣት እንደደነዘዘ ብትጠይቃት የትኛው ነርቭ እንደተጫነ ይነግርሃል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከሆኑ አልናር የሚባለው ነርቭ ነው፤ ክርን ላይ ቆዳ ስር ነው ያለው፣ ሲነካ የሚነዝረን እሱ ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት በመዳፍ በኩል ከሆኑ ሚዲያን ነው፤ እሱ አንጓው መሃል ያልፋል። የአውራ ጣት ጀርባ ከሆነ ራዲያል ነው። የብረት ካቴና የታሰሩ ሰዎች ላይ ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት ይህንን ነው። የራዲያል ዋናው ግንድ ደግሞ በላይኛው ክንድ አጥንት ላይ ተጠምጥሞ ይወርዳል። እዚያ ላይ ጠበቅ አድርገህ ካሰርክ እጅ ከአንጓው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ወደ ላይ መታጠፍ እንቢ ይላል። ስለዚህ በብብትና በክርን መካከል ያለውን ክንድ ተወው። ክርንንም ተወው። እግር ላይ ከሆነ ከጉልበት ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል እብጥ የምትል አጥንት አለች፣ እሷን አትንካ። እሷ ጋ ያለው ነርቭ ከተጎዳ እግር ይጎተታል።

የሚታሰረው የእጅ አንጓ እና ቁርጭምጭሚት ነው። እዚያም ቢሆን እጥፋቱ ላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ ክንድ ወይም ወደ ቅልጥም ገባ ብሎ። አንገት ፈጽሞ አይታሰርም። በሻሽም፣ በነጠላም፣ «ላላ አድርጌ» ተብሎም አይታሰርም። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

መጠኑን በተመለከተ፦ ካሰርክ በኋላ ሁለት ጣትህን ጠፍጥፈህ ከማሰሪያው ስር አስገባ። ሳትታገል ከገባ ደህና ነው። ከዚያ እጇን ወደምትፈልጉት አቅጣጫ አንቀሳቅሰህ ድጋሚ አስገባ፤ ምክንያቱም እጅ ሲዘረጋና ሲጎተት ማሰሪያው ቦታውን ይቀይራል።

በየጥቂት ደቂቃው ፈትሽ። ሁለት ጣትህን ስጣትና ጭመቂ በላት። እጇን ከአንጓው ወደ ኋላ ታጥፍ፣ ጣቶቿን ትዘርጋ። ሦስቱንም በሁለቱም እጆች ካደረገች ነርቮቹ እየሠሩ ነው። ለደም ደግሞ ጥፍሯን ጫን አድርገህ ልቀቅ፤ ነጭ የሆነው በ2 ሰከንድ ገደማ ውስጥ መልሶ መቅላት አለበት። ጥፍር ቀለም ካላት የጣቷን ጫፍ ሥጋ ተጫን።

ከደነዘዘ ቦታ አትቀይር፣ «ትንሽ ቆይ» አትበል፣ ፍታ። ለዚያች ቀን ያ እጅ ድጋሚ አይታሰርም። ማሰሪያው የተወው ቀይ መስመር ቶሎ ይጠፋል፣ አያስደነግጥም። መደንዘዙ ግን ከተፈታ በኋላ አልለቅ ካለ፣ ወይም እጅ አልነሳ ካለ ሐኪም ጋ ሂዱ። እንዲህ ያለ ጉዳት ብዙውን ጊዜ በቀናት፣ ሲብስም በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይድናል። ሐኪሙ ፊት ደግሞ «በር ላይ ወደቅኩ» አትበሉ። የት ላይና ለስንት ደቂቃ እንደታሰረ ካልተነገረው በግምት ነው የሚያክመው። እመኑኝ፣ እኛ ያልሰማነው ነገር የለም።

ቆላው
ማታ 4፡31

ሲስተር፣ ይሄን አንብቤ የራሴን ጥፍር ስጫን ቆየሁ። በሕይወት አለሁ።

ባለ ጠፍር፣ ደብረ ሲና
ማታ 4፡50

የኔ ሥራ ቆዳ ነው። ኮርቻ፣ ልጓም፣ ቀበቶ፣ ቦርሳ እሠራለሁ። ስለዚህ ስለ ዕቃው እኔ ልናገር።

ሲባጎውን ጣለው። ቀጭን ነው፣ ይቆርጣል፣ ቋጠሮው ከጠበቀ በጥርስም አይፈታ። የቃጫ ገመድም ቆዳ ይፍቃል። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሽቦ የሚጠርዙባት የፕላስቲክ ማሰሪያ ደግሞ አንዴ ከገባች አትመለስም፤ እሷ ለሰው የተሠራች አይደለችም። ከረባትና የሐር ሻሽ ፊልም ላይ ያምራሉ። ግን ያንሸራትታሉ፣ ሲጎተቱ ይጠባሉ፣ ተጠቅልለው ገመድ ይሆናሉ፣ ቋጠሯቸውም እንደ ፍሬ ይጠጥራል።

የብረት ካቴናው ላይ ሲስተር ነግራሃለች። እኔ የምጨምረው፣ ርካሹ ዓይነት ሁለተኛ መቆለፊያ የለውም። እጅ ሲወራጭ ጥርሱ ቀጭ ቀጭ እያለ ራሱን ያጠብቃል። ቁልፉ ከጠፋ ደግሞ መቀስ አይቆርጠው፤ የብረት መጋዝ ያለው ጎረቤት ልታንኳኳ ነው። በኛ ከተማ ያንን ጎረቤት ካንኳኳህ በነጋታው ጣርማበር ድረስ ይሰማል።

ጥሩ ማሰሪያ ሰፊ ነው። ከ5 ሴንቲ ሜትር አይነስ። የሚጫነው ነገር ሰፋ ባለ ቁጥር ጫናው ይከፋፈላል፤ የአህያ መጫኛም ቀጭን ከሆነ ገላዋን የሚልጠው ለዚህ ነው። ቆዳ ከሆነ ጠርዙን በጣትህ ዳስሰው። የተቆረጠው ጠርዝ ስለታም ከሆነ፣ ካልተላገና ካልለሰለሰ አንጓ ላይ ምልክት ይተዋል። ውስጡ ለስላሳ ገበር ይኑረው። እኔ ጠጉሩ አጠር ተደርጎ የተሸለተ አጎዛ ነው የማገብርበት፤ የሚያልብ እጅ ላይ አይጣበቅም፣ አይፍቅም። ዘለበቱ ባለ አንድ ምላስ ይሁን፣ ምላሱም ከአንጓው በውጭ በኩል ይዋል። ዘለበት አጥንት ላይ ሲያርፍ ያማል። ቀዳዳዎቹ ደግሞ ተቀራራቢ ይሁኑ፤ ተራርቀው የተበሱ ከሆነ ወይ በጣም ይጠባል ወይ ይወልቃል፣ መሃል ቤት የለውም።

ገዢዎች «ለምንድነው?» ብዬ ስጠይቅ «ለውሻ» ይላሉ። ሁለት እኩል የውሻ አንገት ማሰሪያ፣ ባለ አጎዛ። እኔም ውሾቹ ስንት ዓመታቸው ነው ብዬ አልጠይቅም 😂

የበረሳ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን
ማታ 5፡05

እግዜር ይስጣችሁ። ሲስተር፣ የጻፍሽውን ገልብጬ ያዝኩት። ባለ ጠፍር፣ ውሻ የለኝም፤ መግዛቴ ግን አይቀርም።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ እስኪሠራልኝ ድረስ መቀነቱ አይሆንም? ሰፊ ነው፣ ጥጥ ነው። ሁለተኛ፣ የኛ ከተማ ብርድ ታውቁታላችሁ። የባለቤቴ እጅ ሳይታሰርም በረዶ ነው። ቀዘቀዘ አልቀዘቀዘ እንዴት ልለይ?

መንዜዋ፣ መሐል ሜዳ
ማታ 5፡20

ብርዱን ለኔ ተዉልኝ። እናንተ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሆናችሁ ታማርራላችሁ፤ እኛ ከ3,000 በላይ ነን። ዘዴው ሳታስራት በፊት ሁለቱንም እጇን መያዝ ነው። ያኔ የነበረውን ቅዝቃዜ ካወቅክ በኋላ የመጣውን ትለያለህ። ከተቻለ አንድ እጅ ብቻ አስራችሁ ጀምሩ፤ የታሰረው ካልታሰረው ሲለይ ወዲያው ይታወቃል። ክፍሉን አስቀድማችሁ አሙቁ፤ ከሰል ግን የተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳታስገቡ። በከሰል ጭስ በየክረምቱ ሰው ያልቃል፤ የታሰረ ሰው ደግሞ ተነስቶ በር አይከፍትም። ባና ወይም ጋቢ ጣሉበት፣ እጁ ግን ከጋቢው ውጭ ይሁን፤ ያላየኸውን መፈተሽ ትረሳለህ።

ባለ ጠፍር፣ ደብረ ሲና
ማታ 5፡34

መቀነት ከነጠላም ከከረባትም ይሻላል። ጥብቅ ሽመና ነው፣ አይንሸራተትም። ነጠላ ስስ ስለሆነ ሲጎተት እንደ ክር ይሰበሰባል። ግን አጠማጠሙ ላይ ተጠንቀቅ።

ሸምቀቆ አትሥራ። ሸምቀቆ ማለት በተጎተተ ቁጥር የሚጠብቅ ነው። የምትፈልገው የፈለገውን ያህል ቢጎተት ባለበት የሚቆም ነው። መቀነቱን መሃሉ ላይ እጠፍ። የታጠፈውን ይዘህ አንጓው ላይ ሁለት ሦስት ዙር ጎን ለጎን አዙር፤ አንዱ ዙር አንዱ ላይ አይውጣ። ከዚያ የታጠፈውን ጫፍ በሁሉም ዙሮች ስር፣ በቆዳዋና በመቀነቱ መካከል አሾልክ። እዚህ ላይ ሁለት ጣትህን አስገብተህ ያዝ፣ ቦታ እንዲቀር። ከዚያ በላይ በኩል የታጠፈውን ጫፍና የቀረውን ረጅም ክፍል ሁለቴ ቋጥራቸው፣ ሁለተኛውን ቋጠሮ በተቃራኒው አዙረህ። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞሩ ይንሸራተታል።

ሚስትህ ላይ ከመሞከርህ በፊት አልጋው እግር ላይ ሞክር። አስረህ በሙሉ ክብደትህ ጎትት። ዙሩ ከጠበበ ተሳስተሃል፣ ፍታና ድገም። ካልጠበበ የራስህ ጭን ላይ ድገመው። አልጋው ጋ የሚያያዘውን ሌላኛውን ጫፍ ደግሞ እንደ ፈረስ አስተሳሰር አድርገው፤ ጫፉን ሳብ ስትለው ሙሉ በሙሉ የሚለቀውን ማለቴ ነው። የገጠር ልጅ ከሆንክ እጅህ ያውቀዋል።

ቆላው
ማታ 5፡41

እኛ ቆላ ላይ ብርድ የለብን፣ ላብ እንጂ። አጣባቂ ያለው የጨርቅ ማሰሪያ አለኝ፣ እንደ ሕፃን ጫማ ቸር ብሎ የሚለቅ። እሱስ እንዴት ነው? (እ… ለጓደኛዬ ነው።)

ሲስተር ነጭ ጋዋን፣ ሸዋ ሮቢት
ማታ 5፡55

ለጓደኛህ ንገረው፣ ለጀማሪ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ሰፊና ለስላሳ ነው፣ በአንድ እጅ ይከፈታል። ብዙ ጊዜ የታሰረው ሰው ራሱ በጥርሱ ወይም በሌላ እጁ ሊከፍተው ይችላል። «ታዲያ ምኑን ታሰረ?» የሚሉ አሉ። ጨዋታ ነው፣ ማረሚያ ቤት አይደለም። ላቡን በተመለከተ፣ አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። እርጥብ ጨርቅ ቆዳ ይልጣል፣ ፈንገስም ያመጣል።

ያልጠቀስኩት ነገር ነበር። አሳሪው ራሱን ቢስትስ? ስኳሩ ቢወርድበት፣ መብራት ጠፍቶ ተደናቅፎ ቢወድቅ? በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፣ የታሰረው ሰው ብቻውን ነው። ስለዚህ ስልክ የታሰረው እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ካልተቻለ ቢያንስ አንድ እጅ ራሱን መፍታት በሚችልበት መንገድ ይታሰር። ለመብራት መጥፋት ደግሞ ባትሪ አልጋው አጠገብ ይኑር፤ ጨለማ ውስጥ ቋጠሮ መፍታት አይቻልም።

የታሰረ ሰው ብቻውን አይተውም። «ሻይ ጥጄ ልምጣ» የለም። በሆዱ አስተኝቶ እጁን ወደ ኋላ ማሰር ደግሞ መተንፈስ ያግዳል፣ አታድርጉት። ቆሞ የታሰረ ሰው ሲወድቅ መከላከያ እጅ የለውም፤ ተኝቶ ይሁን። ከጣሪያ ማንጠልጠል የሚባለውን እርሱት።

መቀስ ያስፈልጋችኋል። የወጥ ቤቱ አይደለም። ጫፉ ጠፍጣፋና ድፍን የሆነው፣ እኛ ፋሻና ልብስ የምንቀድበት ዓይነት። የሕክምና ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች ይገኛል። በቆዳና በማሰሪያው መካከል ሲገባ አይወጋም። መቀነት ላይ አንዴ ሞክሩት፣ ይቆርጥ እንደሆነ እዩ። መቀነቱን እንዳትሳሱለት ታዲያ፤ ከሚስት እጅ አይበልጥም።

ዝምተኛው
ማታ 6፡10

ትንሽ አረቄ ቀመስ ቢያደርጉስ? ፍርሃት ይለቃል።

ሲስተር ነጭ ጋዋን፣ ሸዋ ሮቢት
ማታ 6፡14

አይሆንም። አረቄ ሕመም ያደነዝዛል፤ እኛ ደግሞ የምንጠብቀው የመጀመሪያ ምልክት ሕመምና መደንዘዝ ነው። የሰከረ ሰው ቋጠሮም አይፈታም፣ «እሺ» ያለውም እሺ አይባልም። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ውጦ መጀመርም ያው ነው። ፍርሃቱ ካለ ሌላ ቀን ይሁን።

በነገራችን ላይ፣ ስኳር በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ትከሻው ወልቆ የሚያውቅ፣ ማታ ማታ እጁ የሚደነዝዝ፣ አስም ያለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ።

የቤቱ እመቤት፣ ደብረ ብርሃን
ጠዋት 1፡30

እንደምን አደራችሁ። «ባለቤቴ» የተባልኩት እኔ ነኝ። ሌሊት ስልኩን እያየ ብቻውን ሲስቅ ተቀብዬ አነበብኩት። በቁጣ ነበር የጀመርኩት፣ ስጨርስ ሳቅኩ።

የጥንቱ፣ አንተን አከብርሃለሁ፤ ግን እኔን ማንም አላሰረኝም፣ አላስለመደኝም። እኔ ነኝ የጠየቅኩት። ቤቱን፣ ልጆቹን፣ ሥራውን ሁሉ ይዤ ነው የምውለው። ለአንዲት ግማሽ ሰዓት ምንም መያዝ ባልችል ደስ ይለኛል። ይሄ ነው ምሥጢሩ። የማምነው ሰው ባይሆን ደግሞ ነጠላዬን እንኳ አላስይዘውም ነበር።

መንዜዋ፣ ያልሽውን አደረግን። ዛሬ ጠዋት ቡና ላይ ተነጋገርን። አንድ ነገር ግን አላስማማንም፤ ማቆሚያ ቃል። እሱ «ጣርማበር» ይሁን ይላል። «አልጋ ላይ ማንም በስህተት ጣርማበር አይልም» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ከደነገጥኩ ጣርማበር ትዝ የሚለኝ አይመስለኝም።

መንዜዋ፣ መሐል ሜዳ
ጠዋት 2፡05

😂😂 እህቴ፣ ልክ ነሽ። የደነገጠ ሰው አጭር ቃል ነው የሚወጣው። ብዙ ሰው የትራፊክ መብራቱን ይጠቀማል፦ አረንጓዴ ቀጥል፣ ቢጫ ቀስ በል ወይም እጄን እየው፣ ቀይ አሁኑኑ ፍታ። ቢጫ መኖሩ ይጠቅማል፤ ሁሉን ሳታቆሚ «ግራ እጄ ደነዘዘ» ማለት ትችያለሽ። እሱም በየመሃሉ «ቀለም?» ብሎ ይጠይቅሽ። መልስ ካጣ እንደ ቀይ ይቁጠረው።

«ተው» እና «በቃ» ሲባሉም ያቁም፣ ሌላ ስምምነት ካላደረጋችሁ በቀር። ለጀማሪ ያንን ስምምነት አልመክርም፤ ተው ማለት ተው ይሁን። አፍሽ ከተሸፈነ ደግሞ መናገር አትችይምና እጅሽ ላይ የቁልፍ ዘለላ ያዢ። ስትለቂው ይሰማል። ያኔ ይፍታ። እኔ ብሆን ግን እጅና አፍን በአንድ ቀን አልጀምርም።

የጥንቱ
ጠዋት 2፡30

እመቤት፣ ራስሽ ከጠየቅሽ እኔ ምን አገባኝ። አነጋገሬ ከበድ ብሎ ከሆነ ይቅር በይኝ። ግን ስልክ ከዚያ ክፍል ይውጣ። በትንሽ ከተማ አንድ ፎቶ ስንት ትዳር እንዳፈረሰ አይቻለሁ።

ሲስተር ነጭ ጋዋን፣ ሸዋ ሮቢት
ጠዋት 2፡48

ጋሼ፣ ፎቶው ላይ እስማማለሁ። ስልኩ ግን ለእርዳታ ጥሪ ይቅር፤ ካሜራው ወደ ታች ተደፍቶ፣ ከእሷ እጅ አጠገብ።

የቤቱ እመቤት፣ ደብረ ብርሃን
ጠዋት 3፡00

ተስማምተናል፣ ቀይ ሆነ። እሱ አኩርፏል። ስንት ደቂቃ እንቆይ ግን? ይህን የመለሰልን የለም።

ሲስተር ነጭ ጋዋን፣ ሸዋ ሮቢት
ጠዋት 3፡12

እውነትሽን ነው፣ ዘለልኩት። ለመጀመሪያው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይብቃችሁ። ሰዓት አስቀምጡ፤ በጨዋታ መሃል ደቂቃ ይጠፋል። እጅ ከራስ በላይ ተዘርግቶ ከሆነ ከዚያም ያነሰ፤ ትከሻ ቶሎ ይደክማል። ከጎን ወይም ከፊት ለፊት ደረት ላይ ቢታሰር ይመቻል። ሲፈታ እጅሽን በአንዴ አታውርጂ፤ ቀስ አድርጎ ራሱ ያውርድልሽ። ከዚያ ጋቢ፣ ሞቅ ያለ ነገር መጠጣት፣ አብሮ መቀመጥ። አንዳንድ ሰው ካለቀ በኋላ ይበርደዋል ወይም ያለምክንያት እንባው ይመጣል። ነገሩ የተለመደ ነው፣ ግን ብቻውን አይተውም። አሳሪውም እንደዚያው፤ እሱም «በዛሁ እንዴ?» እያለ ያድራል። በነጋታው እጅሽን ድጋሚ እይው፣ እሱንም ጠይቂው።

የበረሳ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን
ጠዋት 3፡30

አላኮረፍኩም። ጣርማበር ጥሩ ቃል ነበር፤ ይሁን።

ባለ ጠፍር፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ሁለት ጥንድ፣ አጎዛ ገበር። የእሷን አንጓ በሜትር ለክቼ ልላክልህ ወይስ በክር? ደግሞ አንዱ ጥንድ ለኔ ነው፤ ቀጣዩ ተራ የኔ ነው ተብሏል።

ባለ ጠፍር፣ ደብረ ሲና
ጠዋት 3፡44

በሜትር ለካ፣ ሳትጠብቅ። የእሷንም የአንተንም ለየብቻ ላክልኝ፤ የወንድ አንጓ ስለሚወፍር የቀዳዳው ቦታ ይለያል። አጎዛውን ውሃ ውስጥ አትንከር፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገህ ጥላ ላይ አድርቀው። ልጆች ደግሞ አገኙት አላገኙት ብለህ እንዳትጨነቅ፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን ፈልግ።

ቆላው
ጠዋት 3፡50

ባለ ጠፍር፣ ለጓደኛዬም አንድ ጥንድ። ሸዋ ሮቢት በሚመጣ መኪና ላክልኝ፤ ላዩ ላይ «የውሻ» ብለህ ጻፍበት።